ቀልብ ብቻውን አይሰበሰብም፤ «ከዓሣ ያነስን ትውልድ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ከዓሣ ያነስን ትውልድ» የሚል ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። አንዷ እኅቴ ናት፣ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ አራተኛው የልጄ የክፍል ኃላፊ መምህር ነው፤ እሱ ለወላጆች ሁሉ «እባካችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው» ብሎ ነው የላከው። ለምላሽ ያነሣሣኝ ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ልጅ ተጠርቶ «አንጎልህ ከዓሣ ያንሳል፤ ፈቃድም የለህም» ሲባል ምን ይዞ እንደሚያድግ ሳስበው አዘንኩ። ለልጅ የሚነበብ ነገር ደግሞ ቢያንስ እውነት ሊሆን ይገባል።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። የሰው ትኩረት ወደ 8 ሰከንድ ወርዷል፤ ይህም ከወርቃማ ዓሣ ያነሰ ነው ይላል። አባቶቻችን ስልክ ስላልነበራቸው ልባቸው የተሰበሰበ ነበር ይላል። ጥፋቱን የሚያደርሰው ማኅበራዊ ሚዲያ በአንጎላችን ውስጥ የሚያፈሰው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ስለሆነ «የዶፓሚን ጾም» መጾም አለብን ይላል። ስልኩን መዝጋት ያቃተው ሰው የጎደለው ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ይናገርና፣ በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ በተገደበባቸው ወራት «ሁላችንም አርፈን ነበር» ሲል ያንን እንደ ማስረጃ ያቀርባል። መድኃኒቱ በየማለዳው ለ10 ደቂቃ፣ በስልክ መተግበሪያ እየተመሩ፣ ትንፋሽን ማዳመጥ ነው፤ ማይንድፉልነስ የሚባለው። ይህንንም «ሳይንስ አረጋግጦታል» ብሎ ይዘጋል።

ከዚህ ውስጥ የምስማማበት አለ። ስልክ ጊዜያችንን እየበላ መሆኑን ማንም አይክድም። እኔ ራሴ ድሮ በሁለት ሌሊት የምጨርሰውን መጽሐፍ አሁን ሁለት ሳምንት እይዘዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ልጆች የሚጨነቀው ከልቡ መሆኑም ከአጻጻፉ ይታያል። የማልስማማው ቀልብ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደወሰደውና በምን እንደሚመለስ በተናገረው ላይ ነው። የምተዳደረው በእርማት ሥራ ነው፤ ከማተሚያ ቤት የሚመጣ ፕሩፍ፣ ማለትም ለእርማት የሚቀርብ የሙከራ ኅትመት ላይ የተሳሳተ ፊደል ስለቅም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ቀልብ ሲሸሽና ሲመለስ ማየት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ እንዳላየ ሆኜ ማለፍ አልቻልኩም።

ከስምንቱ ሰከንድ ልጀምር። ቁጥሩ የታወቀው የማይክሮሶፍት የካናዳ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ለማስታወቂያ ባለሙያዎች ባወጣው ዘገባ ነው። በዘገባው መሠረት የሰው ትኩረት እ.ኤ.አ. በ2000 12 ሰከንድ ነበር፤ በ2013 ወደ 8 ወረደ፤ የወርቃማ ዓሣ ግን 9 ነው። ታላላቅ ጋዜጦች ተቀባብለው አስተጋቡት። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ይህን ቁጥር ራሱ ለክቶ አላገኘውም፤ ስታቲስቲክ ብሬን ከሚባል ድረ ገጽ የወሰደው ነበር። የቢቢሲ ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ2017 ዱካውን ተከትለው እስከ ምንጩ ሲወርዱ ከሥሩ አንድም ጥናት አላገኙም። ስለ ዓሣው የተባለውም ልክ አይደለም። ወርቃማ ዓሣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመማርና የማስታወስ ምርምር የተደረገበት ፍጥረት ነው፤ የሚመረጠውም ስለሚማርና ስለሚያስታውስ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሐሳቡ አይቆምም። ትኩረት እንደ ቁመት አንድ ልክ ያለው ነገር አይደለም። ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ፤ ወንበር ያጣ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ 90 ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል ይቆማል። ያው ወጣት ሰኞ ማታ የሒሳብ ደብተሩን ሲገልጥ ሦስት ደቂቃ አይቆይም። አንጎሉ ያው አንጎል ነው። የተለወጠው ከፊቱ ያለው ነገርና አብረውት ያሉት ሰዎች ናቸው።

እውነተኛ ልኬት ለሚፈልግ ደግሞ አለ። በኧርቫይን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ግሎሪያ ማርክ ሰዎች በኮምፒውተር ሲሠሩ በአንድ ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አማካዩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ይህ የጸሐፊውን ስጋት የሚደግፍ መሆኑን አልክድም፤ ከስምንቱ ሰከንድ ይልቅ ይህን ቢጠቅስ ኖሮ ክርክሩ ይጠነክርለት ነበር። ይሁንና የተለካው ሰዎች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚዘሉበት ፍጥነት ነው፤ በአንድ ነገር ላይ መቆየት መቻላቸው አልተለካም። ከዚያም በላይ የእኚህ ተመራማሪ ሥራ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። ሰው በሌላ ሰው ወይም በስልክ ጥሪ ከሚቋረጠው ባልተናነሰ ራሱን በራሱ ያቋርጣል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በራሴ ላይ ሞከርኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለእርማት የመጣ የግብርና መጽሐፍ ፕሩፍ ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ በግራ እጄ በኩል በግንባሩ ደፋሁት። እጄ ወደ ስልኩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት አደርግ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ 14 ጭረት ተቆጠረ። በዚያ ሰዓት የደወለልኝ ሰው አልነበረም፤ የመጣ መልእክትም አልነበረም። ጭረቶቹ የት የት እንደወደቁ ስመለከት፣ በሔክታር የሚጨመረውን የማዳበሪያ መጠን በሚዘረዝረው ሠንጠረዥ አጠገብ ብቻ 6 ነበሩ። ገበሬዎች የጤፍ ዘር እንዴት እንደሚመርጡ በሚተርከው ምዕራፍ ላይ አንድም አልነበረም። ስልኩ አልጠራኝም፤ ከሠንጠረዡ የሸሸሁት እኔ ነኝ። ስልኩ የተከፈተ በር ሆኖ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ይህ ግን ከዓሣ የማነስ ነገር አይደለም።

አባቶቻችን ልባቸው የተሰበሰበ ነበር ወደሚለው ልለፍ፤ ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ሊያከብራቸው ብሎ ሳለ የደከሙበትን ሥራ ሰወረባቸው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ፣ መነኩሴን ቀትር ላይ ስለሚፈታተን መንፈስ ጽፏል። መነኩሴው ፀሐይዋ አልንቀሳቀስ ትለዋለች። ደጋግሞ በመስኮት ይመለከታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ለመሆን ምን ያህል እንደቀረ ሰማዩን ይለካል፤ ሊጠይቀው የሚመጣ ወንድም ካለ ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ በመጨረሻ በዓቱንም ሥራውንም ይጠላል። በዙሪያው ከአሸዋና ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረም። የማስታወቂያ ደወል ሳይኖር፣ ቪዲዮ ሳይኖር፣ ቀልቡ ግን በመስኮት ወጥቶ ሄዷል።

የራሳችንንም ቅዳሴ ልብ ብለን እንስማው። በመካከል ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። ቆየት ብሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። እንደገና «ንነጽር»፣ እናስተውል። ካህኑም «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብሎ ይመልሳል። የምእመኑ ቀልብ በቤተ መቅደስ ቆሞ ሳለ ወደ ገበያ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ልጁ ሕመም እንደሚሄድ ባይታወቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አዋጅ ለምን ያስፈልጋል? የአባቶቻችን ብልሃት ሰው በየመካከሉ የሚጠራው፣ የሚያስነሣውና የሚመልሰው ድምፅ መሥራታቸው ነው።

በእስልምናም እንዲሁ ነው። ኹሹዕ፣ ማለትም ልብን ሰብስቦ በትሕትና መስገድ፣ ታላቅ ቦታ አለው። ያም ሆኖ ሰጋጁ ስንት ረከዓ እንደሰገደ ቢጠፋበት የሚያሟላበት ሱጁደ ሰህው የሚባል የመዘንጋት ስግደት በሥርዓት ተደንግጓል። ሰው በሶላት መካከል እንኳ ቀልቡ ሊሰወር እንደሚችል ከመጀመሪያው ታስቦበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የቅኔ ተማሪን ሊያነሣብኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር፣ ቋጥኝ ጥግ ብቻውን ተክዞ ይውላል። ግን ለምን ይቆጥራል? ሲመለስ የቆጠረውን ለየኔታ ስለሚነግር ነው። ያ ሙሉ ቀን ብቸኝነት የሚጸናው መጨረሻው ላይ የሚሰማው ጆሮ ስላለ ነው። የኔታ ከሌሉ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ልጅ እንቅልፍ ይወስደው ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በእኔም ሙያ ይህን ያወቅኩት ስልክ ሳይኖረኝ ነው። በ1997 ዓ.ም. የውል ሰነዶችን የያዘ መጽሐፍ ሳርም አንድ ቦታ «ያልተከፈለ ዕዳ» መሆን የነበረበት «የተከፈለ ዕዳ» ተብሎ ተለቅሞ አለፈኝ። ገጹን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዓይኔ በቃሉ ላይ ሄዷል፤ ልቤ ግን አልነበረም፤ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባል የለ። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ስሕተቱን አገኙትና አልተቆጡኝም። ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዋናውን ረቂቅ ከእጄ ወሰዱ። «ልጄ፣ ዓይንህ ደህና ነው። ብቻህን ስለተውኩህ ነው። እኔ ላንብብ፣ አንተ ተከተል» አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ ረቂቁን ጮክ ብለው ያነቡልኛል፣ እኔ በፕሩፉ ላይ በእርሳስ እከተላለሁ። ፊደሉ አጠራጣሪ ሲሆን «ንጉሡ ሠ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» እያሉ፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን እየጠሩ። በዚህ ዓይነት ስናነብ ሁለት ሰዓት እንደ ሃያ ደቂቃ ያልፋል። ብቻዬን ሳነብ የነበረኝ አንጎልና ከእርሳቸው ጋር ሳነብ የነበረኝ አንጎል አንድ ናቸው።

ዶፓሚንን በአጭሩ ልለፈው። ዶፓሚን መርዝ አይደለም፤ የደስታ ጠብታም አይደለም። እንዲያውም እሱን የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ሲሞቱ የሚመጣው የፓርኪንሰን በሽታ ነው፤ ስለዚህ ከዶፓሚን የሚጾም ሰው የለም። ቮልፍራም ሹልትስ የተባሉት ሳይንቲስት በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ምርምር እንደታየው፣ እነዚህ ሴሎች በኃይል የሚነቁት ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ ነው። ሽልማቱን የሚያበሥር ምልክት ሲለመድ ንቃቱ ወደ ምልክቱ ይዞራል፤ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ይቀንሳል። ጸሐፊው ከዚህ አንድ እውነት ጨብጧል። ስልኩን ስንከፍት ምን እንደሚጠብቀን አለማወቃችን ራሱ ደጋግመን እንድንከፍተው ያደርገናል፤ ቁማር ቤት ሰው የሚይዘውም በዚሁ ነው። ግን ቁማር ቤት የገባ ሰው ሲከስር ስለ አንጎሉ ኬሚካል ብቻ ጽፈን ስለ ቁማር ቤቱ ባለቤት ዝም እንላለን?

ጽሑፉ ግን ዝም ብሏል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ፈቃድ ድክመት ሲጽፍ፣ እነዚህን መተግበሪያዎች ስለሠሯቸው ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም። ገጹ መጨረሻ ሳይኖረው ወደ ታች እየተሳበ እንዲቀጥል የሚያደርገውን አሠራር አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሠራው፤ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ከዚያ በፊት ገጽ ያልቅ ነበር፤ ማለቁም ሰው ቆም ብሎ «አሁንስ ይበቃኛል» የሚልበት ቦታ ነበር። ያንን ቦታ ነው ያነሡት። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሾን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2017 እንደተናገረው፣ ሥራውን ሲጀምሩ የሚያስቡት የሰዎችን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን እንዴት እንደሚወስዱ ነበር፤ የሰውን ሥነ ልቦና ደካማ ጎን አውቀው እንደተጠቀሙበትም አልደበቀም። የዚህ ኩባንያ ገቢ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚገኘው ከማስታወቂያ ነው፤ የሚሸጠውም የእኛ ዓይን የሚቆይበት ጊዜ ነው። ኸርበርት ሳይመን የተባሉት ምሁር ገና እ.ኤ.አ. በ1971 የመረጃ ብልጽግና የትኩረት ድህነትን ይወልዳል ብለው ነበር። በአንድ በኩል በሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶች፣ በሌላ በኩል ከትምህርት ቤት ደክሞት የመጣ የ13 ዓመት ልጅ ባሉበት «ፈቃድህ ደካማ ነው» ብሎ በልጁ ላይ ብቻ መፍረድ ፍትሕ አይደለም።

«ዝጉት፣ በቃ» የሚለውም ምክር ቢሆን የሚዘጋው ሰው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። አንዲት ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። በኢሞ የምትደውለው ሥራዋን ስትጨርስና ስልኳን ስትይዝ ነው፤ አንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሌላ ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ አንዳንዴም በጠራራ ፀሐይ። ቡና ሲያፈሉ ስልኩ በነጭ መሐረብ ተጠቅልሎ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። አቦሉን ሲቀዱ መሐረቡን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ ቶናውን ሲቀዱ ያያሉ፤ በረካው ላይ ደግሞ ከጭናቸው ላይ ያኖሩታል። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ እስቲ ቡናችንን እንጠጣ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አንድ ቀን ድምፁን አጥፍቼ ተኛሁ፤ ዘጠኝ ቀን ድምፅዋ ጠፋብኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። የእኚህ እናት ቀልብ ሪያድ ነው። በጽሑፉ መለኪያ ግን «የስልክ ሱሰኛ» ናቸው።

ሌሎቹንም ማሰብ ይቻላል። በስልክ ጥሪ የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ስልኩን ሲዘጋ ገበያውን ዘጋ ማለት ነው። የልጄ መምህር ጽሑፉን የላከልኝ የቤት ሥራ በሚላክበት በዚያው የቴሌግራም ቡድን ነው፤ ልጄ ስልክ ካልነካች ነገ የምታስረክበውን አታውቅም። መምህሩን አልወቅስም፤ እሱም በተሰጠው መንገድ ነው የሚሠራው። የምለው፣ ስልኩን ለኑሮ ግድ ካደረግንባቸው በኋላ «ለምን ያዛችሁት?» ማለታችን ትክክል አይደለም ነው።

ጾም የሚለውን ቃል ጸሐፊው ካነሣው አይቀር፣ ጾምን በደንብ እንየው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ይህን ያህል ቀን ሰው ከሥጋና ከወተት የሚታቀበው በፈቃዱ ብርታት ብቻ ነው? ሉካንዳው ይዘጋል። ምግብ ቤቱ የጾም በየዓይነቱ ያቀርባል። ጎረቤት ይጾማል፤ እናት ሽሮዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ የሚጀመርበትም የሚፈታበትም ቀን ለሁሉም አንድ ነው። በረመዳንም ቤተሰቡ ለሱሁር አብሮ ይነሣል፣ ለአፍጥር አብሮ ይቀመጣል። ፈቃድ አለ፣ ግን አገር ሙሉ ደግፎ ይዞታል። አሁን እስቲ አንድ ሰው ብቻውን፣ ሉካንዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥጋው በየደቂቃው እየተጠበሰ እየቀረበለት ይጹም እንበል። «የዶፓሚን ጾም» የሚባለው እንደዚህ ያለ ጾም ነው።

በ2015 ዓ.ም. «ሁላችንም አርፈን ነበር» የሚለውን በዝምታ አላልፍም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ እኔ ያየሁት ሰው በየካፌውና በየቢሮው ገደቡን የሚያልፍበት ቪፒኤን የሚጭንለት ሲፈልግ ነው። ዕቃውን በቴሌግራም ይሸጥ የነበረ ነጋዴ አላረፈም። ይህን ስጽፍ ደግሞ ከዚያ የከበደው ትዝ ይለኛል። በትግራይ በጦርነቱ ዘመን ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ አዲስ አበባ ሆኖ የእናቱን ድምፅ ለወራት ያጣ የሥራ ጓደኛ ነበረኝ። ምንም የሚረብሸው መልእክት አይመጣለትም ነበር። ፕሩፉን ዘርግቶ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ቀን ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ያነበበው ግን አልነበረም። ግንኙነት መቋረጡ ብቻ ቀልብን የሚያሳርፍ ቢሆን ኖሮ ከእሱ የበለጠ ያረፈ ሰው ባልነበረ።

ስለ ማይንድፉልነስ ጸሐፊው የተናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ ግማሹን እቀበላለሁ። ሥልጠናውን ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምሩት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በ276 የጭንቀት ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ታትሟል፤ የስምንት ሳምንቱ ሥልጠና ኤሲታሎፕራም ከሚባለው መድኃኒት ያልተናነሰ ረድቷቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በእርግጥ የሚረዳውን ሰው ከዚህ የሚያስቀር ቃል መጻፍ አልፈልግም።

ነገር ግን የተፈተነው ምን ነበር? ስምንት ሳምንት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ከአስተማሪና ከሌሎች ተሳታፊዎች ጋር ለሰዓታት እየተቀመጡ፣ ቤትም በየቀኑ ረጅም ልምምድ እየሠሩ ነው። ሕመምተኞቹ አስተማሪ አላቸው፣ ጓደኛ አላቸው፣ ቀጠሮ አላቸው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ቀንሶ 10 ደቂቃና አንድ መተግበሪያ አስቀረና «ሳይንስ አረጋግጦታል» አለ። ሳይንሱ ያረጋገጠው ያንን አይደለም። እንዲያውም በእንግሊዝ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ፣ በክፍል ውስጥ የተሰጠው የማይንድፉልነስ ትምህርት ለልጆቹ የአእምሮ ጤና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ አልሆነም። አብዛኞቹ ልጆችም ቤታቸው አልተለማመዱትም። የልጄ መምህር ጽሑፉን ለልጆች ከማንበቡ በፊት ይህን ቢያውቅ እወድ ነበር። ትንፋሽን ለማዳመጥ ደግሞ የሚከፈተው ያው ስልክ ነው፤ እጄ 14 ጊዜ የሄደበት ስልክ።

ራስን መግዛት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 እንደጻፈው፣ የሚባክንን ቀልብ በፈቃድ ደጋግሞ መመለስ መቻል የማመዛዘንና የጠባይ ሥር ነው። «ደጋግሞ» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ እንዳይሄድ ማሰር አላለም። ወዲያውም ይህ ምን እንደሆነ መግለጽ ቀላል ሲሆን እንዴት እንደሚገኝ መምራት ግን ከባድ መሆኑን ጨምሮበታል። ከባድ የሚሆነው መመለሱ ከአንድ ሰው ብቻ ሲጠበቅ ይመስለኛል።

በእኛ ቢሮ ከወር በፊት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሁላችንም ስልክ በጸሐፊያችን ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለአስቸኳይ ነገር የቢሮውን መደበኛ ስልክ ቁጥር ለየቤተሰባችን ሰጥተናል። አንዲት ባልደረባችን የታመመች እናት ስላለቻት የእሷ ስልክ ከእሷ ጋር ይቆያል፤ ማንም አልተቃወመም። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ሁለት ሁለት ሆነን ድሮ እንደተማርኩት እናነባለን፣ አንዱ ከረቂቁ ጮክ ብሎ፣ ሌላው በፕሩፉ ላይ በእርሳስ።

ባለፈው ረቡዕ ያን የግብርና መጽሐፍ ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር ያዝነው። እሱ ያነባል፣ እኔ እከተላለሁ። የማዳበሪያው ሠንጠረዥ ላይ ደረስን። «በሔክታር፣ 100 ኪሎ ግራም» ሲል እርሳሴ ቆመ። በፕሩፉ ላይ 10 ነበር የሚለው። «እስቲ ድገመው» አልኩት፤ ደገመው። ብቻዬን በተቀመጥኩበት ቅዳሜ በዚያ መስመር ላይ አልፌ ነበር። ከኅዳጉ ጎን ሁለት የእርሳስ ጭረቶች አሉ።